የሚስ ኦዴሳ መርዶ

ዕንቁ ገብረየስ ስትሪፕ በሚባለው የላስ ቬጋስ የካዚኖ ጎዳና ላይ ካሉት ትልልቅ ሆቴሎች በአንዱ የክፍል ጽዳት ተቆጣጣሪ ናት። ሌሎች ያጸዱትን ክፍል እንግዳው ከመግባቱ በፊት ገብታ ታያለች፤ ትራሱ አዘንብሎ እንደሆነ፣ መስታወቱ ላይ የጣት አሻራ ቀርቶ እንደሆነ፣ አልጋው ሥር የማን ካልሲ እንደተረሳ። ልማዱ ከሥራ ወጥታም አይለቃትም። ሰው ቤት ስትገባ ዓይኗ መጀመሪያ የሚያርፈው መጋረጃው ላይ ነው። አስተያየት አትሰጥም፤ ማየቷን ግን የቤቱ ባለቤቶች ያውቃሉ፣ በሚቀጥለው ጊዜም መጋረጃው ታጥቦ ይጠብቃታል።

ዲቪ ደርሷት ከደብረ ማርቆስ ስትመጣ ልጇ ሩሐማ ገና አልተወለደችም። አሁን ሩሐማ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ነርሲንግ ትማራለች። አማርኛዋ ከእናቷ ጋር ለመጨቃጨቅ ይበቃል፣ ለማሸነፍ ግን አይበቃም። ሁለቱ የሚኖሩት ዊንቸስተር በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ የመዋኛ ገንዳው ከደረቀ ዓመታት ያለፉት አፓርታማ ውስጥ ነው። የሩሐማ አባት ሌላ ስቴት ይኖራል፤ በበዓል በበዓል ይደውላል።

ዕንቁን የሚያውቋት ሁሉ ስለ እሷ የሚሉት አንድ ነገር አለ፤ ሰው ብቻውን አትተውም። አዲስ የመጣ ካለ ኤርፖርት ተገኝታ ትቀበለዋለች። የታመመ ካለ ሺፍቷን ቀይራ ሆስፒታል ታድራለች። ብቻዬን መሆን እፈልጋለሁ የሚል ሰው ሲያጋጥማት፣ ይህ ከሕመሙ ምልክቶች አንዱ ነው ብላ ስለምታምን ይበልጥ ትቀርበዋለች። ሩሐማ በዚህ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ተከራክራታለች፤ በር ማንኳኳት የሚባል ነገር አለ ትላለች። ዕንቁ ታንኳኳለች፤ የምታንኳኳው ግን እየገባች ነው።

የምታመልክበት የኢትዮጵያውያን ወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን የራሱ ሕንጻ የለውም። ምሥራቅ ላስ ቬጋስ ውስጥ ከአንድ የጥቁር አሜሪካውያን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ተከራይቶ እሑድ ከሰዓት በኋላ ይሰበሰባል፤ ጠዋቱ የባለቤቶቹ ነው። ለብዙ ዓመታት ሁለቱ ጉባኤዎች የሚገናኙት ፓርኪንግ ላይ ነበር፣ አንዱ ሲወጣ ሌላው ሲገባ። ፈገግ ይባባሉ፣ መኪና ያሳልፋሉ፣ በዚያው ይለያያሉ። ኢትዮጵያውያኑ እርስ በርስ ሲያወሩ «ጥቁሮቹ» ይሏቸው ነበር፣ እነሱ ራሳቸው ሌላ ቀለም ያላቸው ይመስል። ባፕቲስቶቹ ደግሞ እነዚህ ሰዎች ከእኛ ጋር መቆጠር አይፈልጉም ብለው ከደመደሙ ቆይተዋል።

ነገሩን ያፈነዱት አቶ ባዘዘው ናቸው። አቶ ባዘዘው ከቤተ ክርስቲያኑ ብዙም የማይርቅ ሱቅ አላቸው። አንድ ቀን አንድ ረጅም ጥቁር ሰው ገብቶ ዕቃ ሲያይ ከመደርደሪያ መደርደሪያ ተከተሉት፤ ሰውየው ዞር ባለ ቁጥር የታሸገ ምግብ ጣሳ የሚያስተካክሉ ይመስላሉ። ሰውየው የባፕቲስቱ ቤተ ክርስቲያን ዲያቆን ነበር። በየእሑዱ የአዳራሹን ቁልፍ ለኢትዮጵያውያኑ የሚያስረክበው እሱ ነው፣ ቁልፉን የሚቀበሉት ደግሞ አቶ ባዘዘው ናቸው። ይህን ያህል ዓመት ከእጁ ሲቀበሉ ፊቱን ልብ ብለው አላዩትም ነበር። ዲያቆኑ ምንም ሳይገዛ ወጣ። እሑድ ዕለት ቁልፉን ዘረጋላቸውና፣ «ዛሬስ አትከተለኝም?» አላቸው።

ወሬው በሁለቱም ጉባኤ ውስጥ ተዛመተ። የኢትዮጵያውያኑ ፓስተር ሕዝቅኤልና የባፕቲስቶቹ ፓስተር ተገናኙ፣ ስብሰባ ተጠራ፣ ረጃጅም ንግግሮች ተደረጉ፣ አንዳንዱም የልቡን ተናገረ። ከዚያ ሁሉ የወጣው ሐሳብ ግን ቀላል ነበር። ከዚህ ጉባኤ አንድ ሰው ከዚያ ጉባኤ ከአንድ ሰው ጋር ይጣመር፤ ይጠያየቁ፣ አብረው ይብሉ። በተጨማሪም አንድ የጋራ መዘምራን ይቋቋም። አቶ ባዘዘው ከዲያቆኑ ጋር ተጣመሩ፤ ይህ የማን ሐሳብ እንደነበር እስካሁን አልታወቀም። ዕንቁ ደግሞ ሚስ ኦዴሳ ደረሷት።

ሚስ ኦዴሳ ፕሩት ሰባዎቹን አጋምሰዋል። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ካዚኖ ውስጥ ለቁማርተኞች ካርድ ሲያከፋፍሉ የኖሩ ናቸው። ባላቸው ሞተዋል፣ ልጅ የላቸውም፣ ዌስትሳይድ በሚባለው አሮጌው የጥቁሮች ሰፈር ወላጆቻቸው በሠሩት ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። የቅርብ ዘመድ የሚሏት ሎስ አንጀለስ የምትኖር ታላቅ እህታቸውን ሉሺልን ነው። ዕንቁ መጀመሪያ ቀን ስትጠይቃቸው አስቀመጧትና በቀጥታ ጠየቋት፦

«እስቲ ንገሪኝ፤ እናንተ ምን ቀለም ነን ብላችሁ ነው እዚህ አገር የገባችሁት?»

ዕንቁ አሰብ አደረገች። «አገራችን ሳለን ቀለም አልነበረንም፤ እዚህ ኤርፖርት ስንደርስ ነው የተሰጠን።»

ሚስ ኦዴሳ ከልባቸው ሳቁ። ሳቃቸው ሲያበቃ፣ «እኛም እንደዚያው ነን፤ የእኛ ኤርፖርት ግን መርከብ ነበር» አሉ። ከዚያም ዓይኗን ተከትለው ዞር አሉና፣ «መጋረጃዬ ምን ሆነ?» ብለው ጠየቁ። ይህን ጥያቄ በቀጥታ የጠየቃት የመጀመሪያዋ ሰው እሳቸው ናቸው።

ከዚያ በኋላ ዕንቁ ሥራ በማትገባበት ቀን ሁሉ ከዌስትሳይድ አትጠፋም። ሚስ ኦዴሳ ዓይናቸው ስለደከመ ፍሪዌይ በሚባለው ፈጣን መንገድ ላይ መንዳት አቁመዋል፤ ሐኪም ቤትም ገበያም የምትወስዳቸው እሷ ነች። መጀመሪያ ላይ ሳይነገራቸው ሲንኳኳ ደስ አይላቸውም ነበር። ቆይቶ ግን ሳትመጣ የዋለች ቀን ደውለው ደህና መሆኗን መጠየቅ ጀመሩ። የጋራ መዘምራኑ ልምምድ ሲኖርም አብረው ይሄዳሉ። ሚስ ኦዴሳ ይዘምራሉ፤ ዕንቁ ድምፅ የላትም፣ የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣ የሁሉንም ቦርሳ ትጠብቃለች።

እንዲህ ቦርሳ እየጠበቀች ነው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሚስ ኦዴሳ ስልክ የጮኸው። መዝሙሩ እንዳይረበሽ አነሳችው። ደዋዩ የሉሺል ልጅ ክሊፍተን ነበር። እናቱ አሁን ማረፏን ነገራትና፣ አክስቱ ቶሎ እንዲደውሉለት አደራ አለ። ዕንቁ፣ እሺ እነግራቸዋለሁ አለችው። ዋሽታ አልነበረም። የምትነግራቸው መቼ እንደሆነ ግን አልጠየቃትም።

ሚስ ኦዴሳ ከመድረኩ ላይ አይተዋት ፈገግ አሉ። ዕንቁም ፈገግ አለች፣ ስልኩን አጠፋችና ከሳቸው ቦርሳ ወደ ራሷ ቦርሳ አዛወረችው።

ወደ ኮሪደሩ ወጥታ ለፓስተር ሕዝቅኤል ደወለች። ቀጥላ ለእትዬ ታየች ደወለች፣ በጉባኤው ውስጥ ለቅሶ ያለ እሳቸው አይጀመርም። ሁለቱም አንድ ዓይነት ነገር ነው የጠየቁት፤ ማን ሌላ ያውቃል፣ ዛሬ ማታ አብሯቸው የሚሆነው ማን ነው፣ ጠዋት የት እንገናኝ። ለሰው መርዶ በመንገድ ላይ፣ በባዶ ሆዱ፣ ብቻውን ሳለ እንደማይነገር ከመካከላቸው የማያውቅ አልነበረም። ሐዘንተኛው የመጨረሻዋን ሌሊት ተኝቶ ይደር፤ ገና ሲነጋ፣ የሚደግፈው ሰው በዙሪያው ሞልቶ ይነገረው። ለባፕቲስቶቹ እንንገር ወይ የሚለው ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። ምስጢር ይያዙ አይያዙ ስለማይታወቅ ይቅር ተባለ።

የዚያን ቀን ማታ ዕንቁ ሚስ ኦዴሳን እራት ጋበዘቻቸው። ዶሮ አዘዘችላቸው፣ ጎመን አስጨመረች፣ በቃኝ ሲሉ ትንሽ ይጨምሩ አለች፣ በመጨረሻም ፒች ኮብለር የሚባል የኮክ ጣፋጭ በአይስክሬም አስመጣች። ሚስ ኦዴሳ ልታርጂኝ ነው እንዴ የምታደልቢኝ ብለው ቀለዱ። ስልካቸውን ሲፈልጉ አጡት፤ አዳራሽ ረስቼው ይሆናል አሉ፣ ዕንቁም ነገ እናመጣዋለን አለች። ቤታቸው አድርሳ መብራቱ እስኪጠፋ መኪናዋ ውስጥ ጠበቀች።

ቤት ስትገባ ሩሐማ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ስልክ አየች።

«ማሚ፣ ይሄ የማን ነው?»

ዕንቁ ነገረቻት። ሩሐማ ከወንበሯ ተነሣች። «ሲሪየስሊ? ስልካቸውን ወሰድሽ? አሁኑኑ ሄደሽ ንገሪያቸው።»

«ማታ? ለብቻዬ? ደንግጠው ቢወድቁስ?»

«ማሚ፣ እሳቸው እኮ ሐበሻ አይደሉም።»

«ሰው አይደሉም?» አለች ዕንቁ።

ሩሐማ በእንግሊዝኛ አጉረመረመች። ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋችው።

ሲነጋጋ የሚስ ኦዴሳ ቤት በራፍ ላይ ደርዘን የሚሆን ሐበሻ ቆሞ ነበር። ሴቶቹ ጥቁር ነጠላ፣ ወንዶቹ ኮት ለብሰዋል። የአቶ ባዘዘው ነጭ ቫን ዳቦና የታሸገ ውኃ ተጭኖበት መንገዱ ዳር ቆሟል። ፓስተር ሕዝቅኤል ደወሉን ተጫኑ።

ሚስ ኦዴሳ ፀጉራቸውን በሐር ሻሽ እንዳሰሩ ከፈቱ። ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩአቸው። ለጸሎት ከሆነ ቀድማችኋል ሊሉ ጀምረው ነበር፣ ዓይናቸው ዕንቁ ላይ ሲያርፍ ግን አቆሙት። ሰው ካርድ ይዞ ምን እንደሚያስብ ከፊቱ ሲያነቡ የኖሩ ሴት ናቸው።

«ማን ነው?» አሉ።

ፓስተር ሕዝቅኤል የተዘጋጁበት ንግግር ነበራቸው፤ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጀምሮ ቀስ እያለ የሚመጣ። አልተጠቀሙበትም። «እህትዎ» አሉ።

ሚስ ኦዴሳ እዚያው በሩ አጠገብ ካለችው ወንበር ላይ ተቀመጡ። እትዬ ታየች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ማልቀስ ሲጀምሩ ሌሎቹም ተከተሉ። ሚስ ኦዴሳ አላለቀሱም፤ እያንዳንዱን ፊት በተራ ይመለከቱ ነበር። ጥቂት ቆይተው እጃቸውን አነሡ፣ ለቅሶውም ቆመ።

«መቼ?»

ዕንቁ ስልኩን ከቦርሳዋ አውጥታ ዘረጋች። «ትናንት። ልምምድ ላይ ሳሉ ክሊፍተን ደውሎ ነበር።»

ሚስ ኦዴሳ ስልኩን ተቀብለው ከፈቱት። ያመለጡ ጥሪዎች ተራ በተራ መጡ፣ ሌሊቱን ሙሉ የተደወለ ነው። ከዚያ የተተወውን መልእክት ጆሮአቸው ላይ አድርገው ሰሙ። ሰውነታቸው ሳይንቀሳቀስ ሰምተው ሲጨርሱ ለዕንቁ ብቻ ተናገሩ።

«ክሊፍተን አስከሬን የሚወስዱትን ሰዎች መልሷቸው አድሯል። አክስቴ ትምጣና እናቴን አልጋዋ ላይ እንዳለች ትያት ብሎ። ማታውኑ ተነሥቼ ብሆን እደርስ ነበር። ሊነጋጋ ሲል አስረከባቸው።» ስልኩን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። «እህቴ ሞታ እኔ ኮብለር እየበላሁ ነበር። አንቺ እያወቅሽ ታጎርሺኝ ነበር።»

ከዚያ ሁሉንም፣ ሂዱልኝ አሉ፣ ጮኽ ሳይሉ። ሰዎቹ ተያዩ። ሐዘንተኛ ሂዱ ሲል ያልሰሙ ሆኖ መቀመጥ ያለ ነገር ነው፤ ሐዘን ብዙ ያናግራል። ነገር ግን ሚስ ኦዴሳ ተነሥተው በሩን ይዘው ቆሙ፣ አንድ በአንድም ወጡ።

ዕንቁ ወጣች እንጂ አልሄደችም። መኪናዋ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። ሥራ ደውላ ዛሬ እንደማትገባ ተናገረች፤ ምን እንደሆነች ሲጠይቋት ቤተሰብ ሞቶብኝ ነው አለች። ለሩሐማ ደወለችና የሆነውን ነገረቻት። ሩሐማ «ብዬሽ ነበር» አላለችም። ለሩሐማ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ፀሐይዋ ከፍ ስትል ሚስ ኦዴሳ ጥቁር ልብስ ለብሰው ትንሽ ሻንጣ ይዘው ወጡ። ለወትሮው ራቅ ያለ ቦታ የሚወስዳቸው ዲያቆኑ ነው፤ ደውለውለት ስልኩ አልተነሣም። መንገዱን ወደዚህም ወደዚያም አዩ። ከዚያ የዕንቁን መኪና የኋላ በር ከፍተው ገቡ፣ ታክሲ እንደሚሳፈር ሰው።

«ሎስ አንጀለስ» አሉ።

ዕንቁ ነዳች። ከከተማው ወጡ፣ ፍሪዌዩም በረሃውን ይዞ ቀጠለ። የስቴቱ ድንበር ላይ ያሉትን ካዚኖዎች ሲያልፉ ሚስ ኦዴሳ ለክሊፍተን ደወሉ። እኔ ነኝ አሉት፣ መንገድ ላይ ነኝ አሉት፣ ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ያዳምጡ ነበር። የክሊፍተን ድምፅ እስከ ፊተኛው ወንበር ይሰማል፤ ቃሉ ባይለይም ቁጣው ይለያል። ለምን እንዳልደወሉ አልነገሩትም። ስመጣ እንነጋገራለን ብለው ዘጉት። ዕንቁ በመስታወቱ አየቻቸው፤ ጥፋቱን በእሷ ላይ መጣል ሲችሉ ዝም ማለታቸው ከስድብ ይልቅ ከበዳት።

«እናንተ ዘንድ ሰው ሲሞት እንዲህ ነው የሚደረገው?» አሉ ሚስ ኦዴሳ።

ዕንቁ በምትችለው እንግሊዝኛ አስረዳች። መርዶ ለብቻ እንደማይነገር፣ ማታ እንደማይነገር፣ ሰው ሳይበላ እንደማይነገር። ሩቅ አገር ላለ ሰው ሲሆን ደግሞ ዘመድ እስኪሰበሰብ ቀናት ሊፈጅ እንደሚችል።

«ላንቺ አድርገውት ያውቃሉ?»

«ለእናቴ። ሩሐማ ጡት ሳትጥል ነበር።»

«እንዲያ ስለነገሩሽ ደስ አለሽ?»

ይህን ዕንቁን ጠይቋት የሚያውቅ የለም። ብዙ ሰው፣ እንዴት ነገሩሽ፣ ማን ነበር፣ ስንት ሰው መጣ ብሎ ጠይቋታል። ከፊቷ ያለውን የጭነት መኪና ቀድማ አለፈች።

«ሲነግሩኝ ቤቱ ሞልቶ ነበር» አለች። «ያን ሁሉ ሰው ባይኖር ኖሮ አሁን እዚህ አልነበርኩም፣ ሚስ ኦዴሳ። እግሬ አልያዘኝም፤ ተሸክመውኛል። ግን ከዚያ በፊት የነበረው ሳምንት አለ። እናቴ ብርድ አይስማማትም፣ ሹራብ ልልክላት መረጥኩ። ጓደኛዬ አብራኝ ነበረች። ሰማያዊው ይሻላል አለችኝ። ታውቅ ነበር። ሰማያዊው ይሻላል አለችኝ።»

«ተቀይመሻታል?»

«እንዴት እቀየማታለሁ? ለኔ ብላ ነው።» ትንሽ ነዳችና፣ «ግን ከዚያ በኋላ አብሬያት ገበያ ሄጄ አላውቅም» አለች።

ሚስ ኦዴሳ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ሲናገሩ ድምፃቸው እንደ ጠዋቱ አልነበረም፣ የለሰለሰም ግን አልነበረም።

«ዕድሜዬን ሙሉ የቱን ማወቅ እንዳለብኝ ሌላ ሰው ሲወስንልኝ ነው የኖርኩት። ሐኪሙ፣ አለቃዬ፣ የከንቲባው ቢሮ። ሰፈራችንን ሊያፈርሱ ሲያቅዱ እንኳ የሰማነው በመጨረሻ ነው፤ እንዳንደነግጥ ነው ይሉናል። ሁሉም ለኔ ብሎ ነው። ከነሱ ስለምጠብቀው ለምጄዋለሁ። ካንቺ ግን አልጠበቅሁም። እናንተ ደርዘን ሆናችሁ ስለ እኔ እህት ስትመክሩ፣ ከቤተ ክርስቲያኔ አንድ ሰው እንኳ አልጠራችሁም።»

ዕንቁ ይቅርታ አለች። ሰበብ አልጨመረችበትም፣ ይህም ለእሷ አዲስ ነገር ነበር። ሚስ ኦዴሳ ይቅር ብዬሻለሁ አላሉም፤ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ መስማታቸውን ለማሳወቅ ያህል።

በረሃው መሀል ቤከር በምትባል ትንሽ ከተማ ነዳጅ ለመቅዳት ቆሙ። ሚስ ኦዴሳ እግራቸውን ሊያፍታቱ ወርደው ወደ መጡበት አቅጣጫ ሲያዩ ቆዩ።

«ያ ነጭ ቫን ከቬጋስ ጀምሮ ከኋላችን ነው» አሉ።

ዕንቁ ዞር ማለት አላስፈለጋትም። በመስታወቱ ካየችው ቆይታለች። ቫኑ ከነዳጅ ማደያው ማዶ፣ ከአንድ ምግብ ቤት ምልክት ጀርባ ለመደበቅ ይሞክራል፤ ምልክቱ ጠባብ ስለሆነ አልሸፈነውም። አቶ ባዘዘው መሪው ላይ አቀርቅረዋል።

«ሂዱ ሲሏቸው ሄደዋል» አለች ዕንቁ። «ግን ሐዘንተኛ ይህን ሁሉ መንገድ ብቻዋን...»

«ብቻዬን አይደለሁም፤ አንቺ አለሽ።» ይህን ያሉት ሊያጽናኗት ሳይሆን ሊያርሟት ነበር። ዓይናቸውን አጥበው አዩ። «ዲያቆናችንን ሱቅ ውስጥ የተከተለው ይሄ ሰውዬ ነው?»

«አዎ።»

«አጠገቡ የተቀመጠውስ?»

አጠገባቸው የተቀመጠው ዲያቆኑ ራሱ ነበር። ጠዋት አቶ ባዘዘው ጥንዳቸው ነውና ደውለው የሆነውን ነግረውታል፤ ዲያቆኑም በደንብ ተቆጥቷቸው ሲያበቃ፣ የት ቆመህ ትጠብቀኛለህ ብሏቸዋል። ሚስ ኦዴሳ ሲደውሉለት ስልኩን ያላነሣው ቫን ውስጥ ሆኖ ከአቶ ባዘዘው ጋር እየተጨቃጨቀ ስለነበር ነው። ዲያቆኑ መታየቱን ሲያውቅ እጁን አነሣ። አቶ ባዘዘው ይበልጥ አቀረቀሩ።

«ይህ ሰው መከተል ይወዳል ማለት ነው» አሉ ሚስ ኦዴሳ። ሳቅ ያመለጣቸው ሳያስቡት ነው፤ ሳቁም መሀል ላይ ተለወጠና ከጠዋት ጀምሮ ያልመጣው እንባ መጣ። ዕንቁ ያዘቻቸው። እዚያው ነዳጅ መቅጃው አጠገብ፣ ከኋላቸው ተራ የሚጠብቀው ሹፌር ጥሩምባ ሊነፋ እጁን አንሥቶ እስኪተወው ድረስ፣ ተቃቅፈው ቆሙ።

ከዚያ ሚስ ኦዴሳ ፊታቸውን ጠረጉና የኋላውን በር ከፍተው ገቡ። «አሁንም ከኋላ ነኝ» አሉ።

የሉሺል ቤት በደቡብ ሎስ አንጀለስ ጸጥ ያለ መንገድ ላይ ነው። ሲደርሱ በራፉ ላይ አንድ መኪና ብቻ ቆሟል። ሉሺል ብዙ ዕድሜ ኖራለች፤ ጓደኞቿን ሁሉ ቀብራለች። ክሊፍተን መምጣታቸውን ሰምቶ ወጣ። ስልሳ የሚጠጋ ግዙፍ ሰው ነው፣ ሸሚዙ ትናንት የለበሰው መሆኑ ያስታውቃል። አክስቱን አቀፈ፣ ግን ቶሎ ለቀቃቸው።

«ሌሊቱን ሙሉ ደወልኩ፣ አክስቴ።»

ሚስ ኦዴሳ አፋቸውን ከፈቱ። ዕንቁ ግን በመካከላቸው ገብታ ቆመች።

«እሳቸው አልሰሙም» አለች። «ትናንት ያናገርከኝ እኔ ነኝ። ስልኩን ያጠፋሁት፣ የደበቅሁትም እኔ ነኝ። ብቻቸውን ሆነው እንዳይሰሙ ብዬ ነው። የአገራችን ልማድ ነው፤ አንተን ግን አላሰብኩህም። እናትህን ይዘህ እየጠበቅህ እንደነበር አላወቅሁም። እሳቸው ቢያውቁ ኖሮ በእግራቸውም ይመጡ ነበር።»

ክሊፍተን ከላይ ወደ ታች አያት። አንድ ነገር ሊናገር ሲል ከኋላዋ የቫን በር ተከፈተ። ፓስተር ሕዝቅኤል ወረዱ፣ እትዬ ታየች ወረዱ፣ ዲያቆኑ ወረደ፣ ሌሎቹም ተከታትለው ወረዱ። መንገዱ ዳር ተሰልፈው ቆሙ፤ ማንም ወደ ፊት አልተራመደም። አቶ ባዘዘው የውኃ ካርቶን ታቅፈው ማስቀመጥም መመለስም አቅቷቸዋል።

«እነዚህ እነማን ናቸው?» አለ ክሊፍተን።

ሰዎቹ ሁሉ ሚስ ኦዴሳን ያዩ ነበር። ሚስ ኦዴሳ የእህታቸውን በረንዳ ተመለከቱ፤ ባዶውን መንገድ ተመለከቱ፤ ጥቁር ነጠላ የለበሱትን ሴቶች ተመለከቱ።

«ጠዋት ከቤቴ ያስወጣኋቸው ሰዎች ናቸው» አሉ። «ከእኔ ጋር ናቸው። ወንበር አለህ?»

«የእራት ጠረጴዛው ወንበር ብቻ ነው።»

«እንግዲያው ከጎረቤት ተዋስ።»

ክሊፍተን ወደ ጎረቤቱ አጥር ሄደ። ዲያቆኑ ሊያግዘው ተከተለው። እትዬ ታየች ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ሚስ ኦዴሳ መጡና ክንዳቸውን ያዙ። ሚስ ኦዴሳ አልከለከሏቸውም። ሌሎቹ እግር በእግር ገቡ።

ዕንቁ ደረጃው ሥር ቀረች። ዛሬ ሳትጠራ ላለመግባት ወስናለች፤ ስለ መጠራቷም እርግጠኛ አልነበረችም። ከውስጥ የእትዬ ታየች ለቅሶ ተጀመረ፤ ቀስ ብሎ ደግሞ የሚስ ኦዴሳ ድምፅ ተቀላቀለው፣ በሌላ ዜማ። ክሊፍተን በሁለት እጁ አራት ወንበር ይዞ ሲመለስ አጠገቧ ደረሰና ቆመ።

«ይቅር አላልኩሽም» አለ።

«አውቃለሁ።»

ሁለቱን ወንበር አቀበላት። «እነዚህን ያዢልኝ» አለና በሩን በትከሻው ገፍቶ፣ እሷ እስክታልፍ ድረስ ከፍቶ ያዘው።